ተሳሳቿ ከአምስተኛ ክፍል የወጣችበት ቀን

በእኛ አገር መምህር መሆን ከባድ አይደለም። ከባዱ መሻሻል ነው። ከበላያችን ያሉት ሰዎች፣ እነማን እንደሆኑ በትክክል የሚያውቅ ባላገኝም፣ መምህር ባለበት መቆም የለበትም ብለው ያምናሉ። ስለዚህ እንሻሻላለን። በክረምት እንሻሻላለን፣ በበጋ እንሻሻላለን፣ በየአርቡ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተማሪዎቻችንን ወደ ቤት ልከን ስለ ተማሪዎቻችን ሥልጠና እንወስዳለን። ካቻምና «ተማሪን ማሳተፍ» የሚባል ሥልጠና ነበር። አሠልጣኙ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ተናገረ። የሥራ ባልደረባዬ መምህር ፈጠነ አንድ ነገር ሊጠይቅ እጁን ሲያወጣ፣ እጅ ማውጣት በሚቀጥለው ሥልጠና እንደሚካተት ነግሮት አስወረደው። ሁላችንም የምስክር ወረቀት ተቀብለን ወጣን። የእኔ እስካሁን ግድግዳዬ ላይ አለ።

ይህን የማወራው ለማማረር አይደለም። አልጋነሽ እባላለሁ፣ ልጆቹ እትዬ ይሉኛል፣ አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ማማረር ብፈልግ ኖሮ ከዚህ የባሰ ብዙ ነገር ነበረኝ። የማወራው ትርንጎ ስለምትባል ልጅ ነው፤ እንዴት ከእጄ እንደወጣችና ያን ቀን ምን ያህል እንደቀለለኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ማሳያው ትምህርት ልንገራችሁ። ከብዙ ዘመን በፊት የአገሩ አዋቂዎች ተሰብስበው ጥሩ ትምህርት ምን እንደሚመስል ወሰኑ። መጀመሪያ መምህሩ ይጠይቃል። ከዚያ አንድ ሰው ይሳሳታል። መምህሩ ሳይቆጣ ያርመዋል። በመጨረሻም ክፍሉ በሙሉ «አሃ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ችግሩ የመጣው ተመልካቾች ሲሾሙ ነው። ተመልካች ማለት በየትምህርት ቤቱ እየዞረ፣ ከክፍሉ ኋላ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ ነገር በተራው ሲፈጸም የነሐስ ቃጭል የሚያቃጭል ሰው ነው። ጥያቄው ሲጠየቅ ያቃጭላል፣ ስህተቱ ሲመጣ ያቃጭላል፣ ለእርማቱም ለአሃውም እንደዚሁ። ከእነዚህ አንዱ ሳይደወልለት የቀረ መምህር መታደሻ ይላካል።

መታደሻ ተራራው ላይ ያለ ረጅም አዳራሽ ነው። እዚያ መምህሩ እስኪታደስ ድረስ ለባዶ ወንበሮች ያስተምራል። ልጆች ባሉበት ማስተማርን መለማመድ አይቻልም ይላሉ፤ ልጆች ሐሳብ ይበታትናሉ። መምህር ፈጠነ አንድ ጊዜ አሃው ዘግይቶበት እዚያ ከርሞ ተመለሰ። አሁን ማስተማሩ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ጠዋት ክፍል ሲገባ እንደምን አደራችሁ የሚለው ወንበሮቹን ነው። ልጅ የተቀመጠበት ወንበር ሲያይ ደግሞ ትንሽ ቅር ይለዋል።

ስህተት እንግዲህ በቀጠሮ አይመጣም። ተመልካቹ መጥቶ ልጆቹ ሁሉ በትክክል የመለሱበት ጊዜ ነበረ፤ መምህርቷ እያለቀሰች ወደ ተራራው ሄደች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ማንም ትንፍሽ ሳይል ቀረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ተሳሳች እንዲኖረው ልማድ ሆነ። ተሳሳችነት ሹመት ነው። ተሳሳቹ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ ሰልፍ ላይ ባንዲራ ይይዛል፣ በወላጆች ቀን እናቱ ከክብር እንግዶች ጋር ትቀመጣለች። ከእሱ የሚጠበቀው መልሱን በቀኑና በሰዓቱ መሳት ብቻ ነው።

ትርንጎ የእኔ ክፍል ተሳሳች ነበረች። የማሳያ ትምህርቴ ስለ ውሃ ነው። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ትንሽ እንጠብቃለን፣ ይደርቃል። «ውሃው የት ሄደ?» እላለሁ። ያኔ ትርንጎ ትነሳለች። ወዲያው አትመልስም። ጣሪያውን ታያለች፣ ከንፈሯን ነከስ ታደርጋለች፣ ልታገኘው ጥቂት የቀራት መስላ ሁላችንንም ታስጨንቀናለች፤ ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ «ሰሌዳው ጠጣው» ትላለች። እንዴት አድርጋ እንደምትለው ልነግራችሁ አልችልም። በየዓመቱ የሚመጣው ተመልካች ጓንጉል ይህን ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆይና ቃጭሉን ዘግይቶ ነው የሚያስታውሰው።

እንዲህ ያለች ተሳሳች ማን ይለቃል? የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ርዕሰ መምህራችን አቶ ድንበሩ ቢሮ ጠሩኝ።

«ትርንጎን ልታሳልፊያት ነው አሉ።»

«አዎ፤ ትምህርቷን ጨርሳለች።»

«ትምህርቱንማ ማን አይጨርስም። ስህተቷን ማን ይተካልናል? አንድ ዓመት ብቻ ትቆይልን።»

አንድ ዓመት ቆየች። ከዚያም ሌላ አንድ ዓመት ብቻ ተባለ። አብረዋት የጀመሩት ስድስተኛን ጨርሰው ሰባተኛ ሲገቡ እሷ እዚያው ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ሲላት አናጢ ጠርተን ጠረጴዛውን ከፍ አስደረግንላት። አቶ ድንበሩ ሥራው ሲያልቅ ራሳቸው መጥተው መረቁት።

በክፍሉ ውስጥ ከትርንጎ በቀር የሚሳሳት ልጅ አልነበረም። ሥራው የእሷ ስለሆነ ሌላው ቢሳሳት እንደ መዳፈር ይቆጠር ነበር። አንድ ነገር ያልገባው ልጅ በእረፍት ሰዓት ወደ እሷ ሄዶ ያልገባውን በጆሮዋ ያንሾካሹክላታል። ልጆቹ ይህን ስህተት መስጠት ይሉታል። ሰጥቶ ወደ ኳሱ ይሮጣል፤ ከዚያ በኋላ ስህተቱ የእሷ ነው። እኔ እጃቸውን የማያወጡ ዝምተኛና ጎበዝ ልጆች እንዳሉኝ አስብ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ እናቷ የሻረግ፣ ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ መጣች።

«እትዬ፣ ሹመቱን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

«ምን ሆንሽ የሻረግ? ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። ትናንት ትንሹን ልጄን ከቤት አጣሁት። ትርንጎን ወንድምሽ የት ሄደ አልኳት። ጣሪያውን አየች። ከንፈሯን ነከሰች። ወደ ገበያ ነው አለችኝ።»

«እና?»

«እናማ ሰፈሩ ሁሉ ነቅሎ ገበያውን ሲያስስ ዋለ። ልጁ ለካ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ድንጋይ ይወረውራል። ወንዙ ደግሞ ሰሞኑን እንደሚያዩት ሞልቷል።»

«እግዜር አተረፈው።»

«እግዜር አተረፈው። እሷ ግን ወደ ወንዝ ሲወርድ አይታዋለች እኮ። ለምን ዋሸሽኝ ብላት አልዋሸሁም አለች። ሰው ሲጠይቀኝ የማውቀው ነገር ወደ ኋላ ይልብኛል፣ ሌላው ቀድሞ አፌ ላይ ይገኛል አለችኝ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ የክብር ወንበር አልፈልግም። ልጄን መልሱልኝ።»

ያን ቀን ፈራሁ። የምታስተምሩት ልጅ ቤቱ ሄዶ የተማረውን ሲሠራበት እንደ መስማት የሚያስደስት ነገር የለም፤ እኔ ግን ሰምቼው ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

አቶ ድንበሩ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ከዚያ ደንቡን ነገሩኝ። ተሳሳች የሚሰናበተው ወይ ተተኪ ሲገኝ ነው፣ ወይ በተመልካች ፊት መሳሳት ሲያቅተው ነው። ሲያቅተው ግን ቃጭሉ አይደወልም፤ መምህሩ መታደሻ ይሄዳል።

«ተመልካች ጓንጉል ሰኞ ይመጣሉ» አሉኝ። «እስከዚያ ተተኪ ፈልጊ።»

ፈለግሁ። ቢምረው የሚባለውን ሞከርኩት፤ «ሰሌዳው ጠጣው» ሲል ሰልፍ ላይ መዝሙር የሚዘምር ይመስላል። ስመኝ የምትባለው ደግሞ በተነሳች ቁጥር ሳቋ እየመጣ አላናግር አላት። አንዱ ልጅ እየተንቀጠቀጠ ተነስቶ ሳያስበው ትክክለኛውን ተናገረና አለቀሰ። ጓደኞቹ አቅፈው አባበሉት። ልጆቹ ያልገባቸውን መናገር ከተዉ ቆይተዋል፤ እንዴት እንደሚባል እንኳ ጠፍቷቸዋል።

አርብ ዕለት ልጆቹ ሲወጡ ትርንጎን አስቀረኋት።

«ሰኞ ስጠይቅሽ የምታውቂውን ንገሪኝ» አልኳት።

ጣሪያውን አየች። ከዚያ እያየችው መሆኗን አወቀችና አንገቷን ደፋች።

«እርስዎስ? መታደሻ ይሄዳሉ እኮ።»

«ወንበር አልፈራም።»

«መምህር ፈጠነም እንደዚያ ብለው ነው የሄዱት፣ እትዬ።»

ደብተሯን ሰጥቼ ሸኘኋት። እውነት ነው፣ ወንበር እፈራ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ቤቴ ውስጥ ያሉትን ወንበሮች ወደ ግድግዳው አዙሬያቸው ሰነበትኩ።

ሰኞ ተመልካች ጓንጉል መጣ። ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ልጆቹ ተነስተው ጋሼ ብለው ሰላምታ ሰጡት፤ ከፍ ያለው ወንበሩ ላይ ወጣና ቃጭሉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ማለዳው ይቀዘቅዝ ነበር። አቶ ድንበሩ በሩ ላይ ቆሙ። ሰሌዳውን ጠረግሁት። ጠበቅን። ደረቀ።

«ውሃው የት ሄደ?» አልኩ። ቃጭሉ ተደወለ።

ትርንጎ ተነሳች። ጣሪያውን አየች። ከንፈሯን ነከሰች። ተመልካች ጓንጉል እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ግን ከወትሮው በላይ ቆየች፣ ግንባሯ ላብ አወጣ። አንድ ጊዜ «ሰሌ» ብላ ጀምራ አቆመች። ከዚያ ጠረጴዛዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ለስለስ ባላለ፣ በጎረነነ ድምፅ፣ «ወደ አየር ሄደ» አለች።

ልማድ ሆኖብኝ «አይደለም ልጄ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ክፍሉም ግማሹ «አሃ» ሊል ጀምሮ ዋጠው። ቃጭሉ አየር ላይ ቀረ። አቶ ድንበሩ ጭንቅላታቸውን ያዙ። እኔ ደግሞ አለቀልኝ ብዬ፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ልጅቷ ዳነች ብዬ፣ የማደርገው ጠፍቶኝ ቆምኩ።

ትርንጎ አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ እኔ ጋ የእኔ ያልሆኑ ስህተቶች አሉ» አለች። «ብዙዎቹን ረስቻቸዋለሁ። የቢምረውን ግን አልረሳሁትም። አሁን ራሱ ይናገረው።»

ቢምረው ወደ ወለሉ እያየ ተነሳ። «ወደ አየር ከሄደ» አለ፣ «አየሩ ታዲያ ለምን አያረጥበንም?»

ይህ ጥያቄ በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም። እኔም ብሆን እንደዚያ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። በስንትና ስንት ሥልጠና ሲነገረኝ የኖረ፣ አንድ ቀን እንኳ ከአፌ ያልወጣ ነገር ያኔ ወጣ። «አንተ ምን ይመስልሃል?» አልኩት።

ቢምረው ዘወር ብሎ ሌላ ሰው እየጠየቅሁ እንደሆነ አየ። ከዚያ ፀሐይ ትሆናለች የጠጣችው አለ። ክፍል ውስጥ ምን ፀሐይ አለ አለው አንዱ። በመስኮት ገብታ ነዋ አለ ሌላው። ታዲያ አርብ ዕለት ደመና ሆኖ ሰሌዳው እንዴት ደረቀ? ጭቅጭቁ ጦፈ። ልጆቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይናገራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ያርማሉ፣ መልሰው ይሳሳታሉ። ተመልካች ጓንጉል የትኛውን እንደሚደውል ቸግሮት ቃጭሉን እያነሳ ያወርዳል። በኋላ ተወው።

«አየሩ ውስጥማ ውሃ አለ» አለች ስመኝ፤ ዛሬ አልሳቀችም። «እናቴ መስታወት ስትወለውል አፏን ከፍታ ትተነፍስበታለች። መስታወቱ ይረጥባል። የነካው ትንፋሿ ብቻ ነው።»

«መስታወት የለንም» አልኳት።

«መስታወት ባይሆንም ቀዝቃዛና የሚያብረቀርቅ ነገር ይበቃል።»

ክፍሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ ቃጭሉን አየ። ተመልካች ጓንጉል ደረቱ ላይ ለጠፈው። ያንን ቃጭል ከእጁ የወሰደ ሰው ኖሮ አያውቅም። ስመኝ ሄዳ ሁለት እጇን ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ ለትንሽ ጊዜ ነው» አለችው።

አያት፤ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ሰጣት። ስመኝ ተነፈሰችበት። ነሐሱ ደበዘዘ፣ ጣቷን ስታሳልፍበት እርጥብ መስመር ቀረ። ሁሉም ካላየን ብለው ተሰበሰቡ። ሲያዩት ደግሞ እርጥበቱ ከዳር ጀምሮ ጠፋ። «ደግሞ ሄደ» አለ ቢምረው። ቃጭሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያኔ አሃ ሲባል ሰማሁ። አንዱ እዚህ አለ፣ አንዷ ወዲያ ማዶ፣ አንዱ ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ ዘግይቶ ብቻውን አለ። እንደተለማመድነው አንድ ላይ አልነበረም። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት እሱን እንደነበረ ገባኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ተመልካች ጓንጉል ከወንበሩ ወረደ። «እኔም ልሞክር» አለ። በገዛ ቃጭሉ ላይ ተነፈሰ፣ ሲደበዝዝ አየ፣ ሲጠራ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እኮ ሰሌዳው የሚጠጣው ይመስለኝ ነበር» አለ።

ማንም አልሳቀም። «እንዴት ጋሼ?» አለችው ትርንጎ።

«አንቺ ነሽ የነገርሽኝ፣ በየዓመቱ። እርማቱማ ይነገራል፤ እርማቱ ሲነገር እኔ ለመደወል እየተዘጋጀሁ ነው። ያንቺ ግን ልብ ውስጥ ይገባል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አምና እንዲያውም ሰሌዳዎቹ እስኪጠግቡ ምን ያህል ውሃ እንደሚፈጁ ይጠና ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ተቀባይነት አግኝቷል።»

አቶ ድንበሩ ከበሩ ወደ ውስጥ ገቡ። «ጌታዬ፣ እንግዲህ እንደሚያዩት ስህተቱ ሳይሟላ ቀርቷል። መምህርቷን በተመለከተ…»

«ተሟልቷል» አለ ተመልካች ጓንጉል።

«ማን ተሳሳተ?»

«እኔ።»

አቶ ድንበሩ አሰቡ። «ተመልካች መሳሳት ይችላል?»

«ደንቡ አንድ ሰው ይሳሳታል ነው የሚለው። እኔም ሰው ነኝ፤ ተሳስቻለሁ፣ ሳይቆጡኝ አርመውኛል፣ አሃም ተብሏል። ልጅቷ ግን ከእንግዲህ ለዚህ ሥራ አትሆንም፤ አሰናብቷት።» ቃጭሉን ፈለገ፤ ከእጁ እንደወጣ ረስቶት ነበር። «ስመኝ፣ እስቲ ለስህተቱ አንድ ጊዜ ደውዪልኝ።»

ስመኝ ደወለች። ያገኘሁት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፣ ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። የተቀመጥኩበት ወንበር የትርንጎ ነበር። እሷ ደብተሯን ይዛ በሩ ጋ ቆማ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል በየት በኩል እንደሆነ አቶ ድንበሩን ትጠይቃለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፣ ብዙውም እንዳለ ነው። አሁን ተመልካቾች ክፍል ገብተው እንዴት እንደሚሳሳቱ የሚሠለጥኑበት አዳራሽ እየተሠራ ነው ይባላል፤ አሠልጣኙ ያው የድሮው ሰውዬ ነው አሉ። የሰሌዳዎቹ ጥናትም ተጀምሯል። እኔን አልነካኝም። በክፍሌ ማንም የፈለገ ይሳሳታል፣ አንዳንዴ እኔ ራሴ እቀድማቸዋለሁ፤ ማታ ቤቴ ስገባ ከከባድ ሸክም ሥር የወጣሁ ይመስል ትከሻዬ ቀሎኛል። በትርንጎ ቦታ የተቀመጠው ቢምረው አጭር ስለሆነ አናጢውን ጠርተን ጠረጴዛውን መልሰን አስቆረጥነው። መምህር ፈጠነም እየተሻለው ነው፤ ወንበሮቹን ሰላም ካለ በኋላ ልጆቹንም ይላል።

በቀደም ክረምቱ ሲገባ የሻረግ በሬን አንኳኳች። ግቢ ብላት እዚያው ደረጃው ላይ ቆመች፤ ልቤ ደነገጠ።

«ትናንት ትንሹን አጣሁት» አለችኝ። «ትርንጎን ወንድምሽ የት ሄደ አልኳት።»

«እሺ።»

«ጣሪያውን አየች። ከንፈሯን ነከሰች።»

«የሻረግ፣ እንዳትይኝ።»

«ከዚያ፣ አላውቅም እማዬ፣ ቆይ ልፈልገው ብላ ወጣች።»

«አገኘችው?»

«ጎረቤት በር ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር» አለች የሻረግ። «አዝላው መጣች።»